እስትንፋስ በመርካቶ፤ ስለ ሳንባ ሕሙማንና በቤት ስለሚሰጥ የተሃድሶ ሕክምና

መርካቶ ከሁሉ አስቀድሞ የጉልበትና የትንፋሽ ገበያ ነው። ከአውቶቡስ ተራ እስከ ሰባተኛ፣ ከቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን እስከ አንዋር መስጊድ፣ ከእህል በረንዳ እስከ ቆርቆሮ ተራ ባለው ስፍራ ሁሉ፣ ኩንታል በጫንቃው ተሸክሞ «መንገድ! መንገድ!» እያለ ሕዝቡን የሚሰነጥቀው ተሸካሚ፣ ከማለዳ እስከ ምሽት ቆማ የምትቸረችረው ነጋዴ፣ በምን አለሽ ተራ አሮጌ በርሜል ቀጥቅጦ ምድጃ የሚያወጣው ባለ እጅ፣ ሁሉም የዕለት እንጀራቸውን የሚያገኙት ደረታቸው አየር ለመሳብና ለመመለስ እስከ ቻለ ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህም በዚህ ሰፈር ሳንባው የደከመ ሰው የበሽታው ስም ከመታወቁ በፊት በገበያው ዘንድ የሚታወቀው በመቅረቱ ነው፤ በመጀመሪያ ሸክሙን ያቀላል፣ ቀጥሎ ዳገቱን ትቶ በሜዳው ይዞራል፣ ከዚያም ከደጃፉ ተቀምጦ የሚውል ይሆናል፣ በመጨረሻም ከአልጋውና ከወንበሩ በቀር የሚደርስበት ስፍራ ያጣል።

ለእንዲህ ያለው ሰው ወዳጅ ዘመድ የሚሰጠው ምክር አንድ ዓይነት ነው፤ «ዕረፍ፣ አትድከም፣ እኛ አለንልህ» ይሉታል። ምክሩ ከፍቅር የወጣ መሆኑ አያጠራጥርም፤ የሕክምና ሊቃውንትም ቢሆኑ እስከ ሃያኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ድረስ ለሳንባ ሕሙማን የሚያዝዙት ይህንኑ ዕረፍት ነበር። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር የተደረገው ምርምር ያስረዳው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ይኸውም ሥር በሰደደ የሳንባ በሽታ የተያዘ ሰው በአዋቂ እየተመራና በመጠን እየተለካለት ሰውነቱን ባንቀሳቀሰ ጊዜ፣ ሳንባው ወደ ቀድሞው ጤንነቱ ባይመለስ እንኳ ኑሮው ይመለሳል። ይህ ሕክምና የሳንባ ተሃድሶ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምሻውም፣ ሕክምናው ከሆስፒታል አዳራሽ ወጥቶ በስልክ አማካይነት እስከ ሕሙሙ መኝታ ድረስ መዝለቅ እንደሚችል በሌላ አገር ተፈትኖ መረጋገጡንና፣ ከከተማችን ክፍሎች ሁሉ ይልቅ ለመርካቶ የተገባ መሆኑን ነው።

ሳንባን የሚያደክመው ምንድር ነው ቢሉ፣ በኤውሮጳና በአሜሪካ የሕክምና መጻሕፍት አስቀድሞ የሚገኘው መልስ ትምባሆ ነው። በእኛ አገር ግን ትምባሆ የሚያጤሰው ሰው ቁጥር ከሌላው ዓለም ጋር ሲመዛዘን አነስተኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙት ለአካለ መጠን የደረሱ ሰዎች ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112ም ሕዝብ በሚሰበሰብበት ስፍራ ማጤስን ከልክሏል። በዚህ አገር ሳንባን ከትምባሆ ይልቅ የሚጎዳው የማድ ቤቱ ጢስ ነው። እንጀራ ለመጋገር፣ ወጥ ለመሥራት፣ ቡና ለማፍላት የሚነድደው እንጨትና ከሰል፣ መስኮት በሌላት ክፍል ውስጥ ለአርባና ለኀምሳ ዓመት ሲታጠን የኖረውን ደረት እንዴት እንደሚያደርገው፣ አንዲት ሲጋራ በአፋቸው ሳይነኩ ትንፋሽ ያጠራቸው እናቶቻችን ሕያዋን ምስክሮች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደ ሞተ ገምቷል። ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃና ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ በአገራችን ሰዎች ጥበብ ተሠርተው ከወጡ ሠላሳ ዓመት ያህል ሆኗቸዋል፤ ሁለቱም ማገዶ በመቈጠብ መልካም ሥራ ሠርተዋል፤ ነገር ግን ከሰል ከቤት ውስጥ እስከ ነደደ ድረስ ጢሱ የሚሄድበት ሌላ ስፍራ የለውም።

በመርካቶ በዚህ ላይ የሚጨመር ነገር አለ። ገበያው በጣልያን ወረራ ዘመን ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ በተዛወረና መርካቶ ኢንዲጄኖ ተብሎ በተሰየመ ጊዜ የታሰበው ለንግድ ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ግን ሕዝቡ ከሱቁ ኋላና ከመጋዘኑ ጎን እየተጠጋ ቤት ሠራ፤ ስለዚህም በብዙ ጓሮ የሸቀጡ ብናኝና የማድ ቤቱ ጢስ በአንድ ጣሪያ ሥር ተገናኙ። በበርበሬ ተራ አጠገብ ያለፈ ሰው ይህን በራሱ ጉሮሮ ያውቀዋል። የደረቀው ዛላ ከጆንያው ሲዘረገፍ፣ ከወፍጮው አፍ የሚወጣው ቀይ ዱቄት በፀሐይ ጨረር ውስጥ ሲንሳፈፍ፣ አላፊው አፍንጫውን በነጠላ ሸፍኖ እያነጠሰ ያልፋል፤ ወፍጮውን የሚያስፈጨው ሠራተኛ ግን ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ቀልቶ፣ አፉ ላይ ያሰራትን ጨርቅ በየጊዜው እያራገፈ፣ ከማለዳ እስከ ማታ ያንኑ አየር ይምጋል። በእህል በረንዳ የእህሉ ገለባ፣ በጥጥና በክር መደብሮች የክሩ ብናኝ፣ በብረት ተራ የብየዳው ጢስ አለ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በሸማ ተራ የተነሣው ታላቅ ቃጠሎ ነጋዴውን ያከሰረውን ያህል፣ በዚያ ሰፈር ለሚኖሩ ደረተ ደካሞች ምን ዓይነት ሌሊት እንደ ነበረ የጻፈ ሰው ግን አላየሁም።

ከጢሱና ከብናኙ ሌላ ሦስተኛው ምክንያት የሳንባ ነቀርሳ ነው። ነቀርሳ በስድስት ወር መድኃኒት ይድናል፤ ሕዝባችንም ይህን አውቆ መድኃኒቱን እስከ ፍጻሜ መውሰዱ የብዙ ዓመት ትምህርት ፍሬ ነው። ሆኖም ተሐዋሲው ከሞተ በኋላ በሳንባ ላይ የተወው ጠባሳ አይጠፋም። «ድነሃል» ተብሎ ስሙ ከመዝገብ የተሰረዘ ሰው ከዓመታት በኋላ ደረጃ መውጣት ሲያቅተው ወደ ጤና ጣቢያ ይመለሳል፤ አክታው ይመረመራል፣ ተሐዋሲ አይገኝበትም፣ «ምንም የለብህም» ተብሎ ይሰናበታል። በእኔ አስተያየት በዚህ ጉዳይ ከሚፈጸመው በደል ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ሰውየው ያለበት ሕመም በዓለም ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ፣ ስምም ያለው ሲሆን፣ እርሱ ግን ሰነፍና አስመሳይ ሆኖ በቤተ ሰቡ ፊት ይቆማል።

ሥር የሰደደው አየር አስተላላፊ ቧንቧን የሚያጠብ የሳንባ በሽታ፣ በዓለም ጤና ድርጅት አቈጣጠር እ.ኤ.አ. በ2021 3.5 ሚሊዮን ሰው የገደለና ከሞት ምክንያቶች ሁሉ በአራተኛ ደረጃ የቆመ ነው፤ ሰባ ዓመት ሳይሞላቸው በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል የሚገኙትም በድኾችና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በአገራችን ግን የሳንባ ሐኪም እጅግ ብርቅ ሆኖ ኖሯል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በውጭ አገር ሐኪሞች ትብብር፣ የምሥራቅ አፍሪቃ የሥልጠና ጅምር የተባለው የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ሐኪሞች ትምህርት የተከፈተው በ2005 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ይህን ጥበብ ለመማር የሚሻ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ባሕር መሻገር ነበረበት። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው የተመረቁት ስፔሻሊስቶች ዛሬ በልዩ ልዩ ሆስፒታሎች ያገለግላሉ፤ ይህም ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው። ሆኖም ሐኪሙ በሽታውን ለይቶ፣ ሕዝቡ ፓፍ የሚለውን የሚማግ መድኃኒት አዝዞ ከሰደደው በኋላ፣ ሕሙሙ በቤቱ የሚኖርበትን ረጅም ዘመን የሚከታተልለት ሰው የለውም። ተሃድሶ የሚያስፈልገው በዚህ ስፍራ ነው።

የሕክምናውን ምሥጢር ለመረዳት የደከመ ሳንባ የሚያደርገውን ማየት ያስፈልጋል። ሳንባ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ነው፤ ወናፉ ተነፍቶ ባዶ ሳይሆን እንደገና ቢነፋ ከእሳቱ የሚደርሰው አየር ጥቂት ነው። እንዲሁ ቧንቧው የጠበበ ሰው የሳበውን አየር ሙሉ በሙሉ ሳያወጣ ሌላ ለመሳብ ይገደዳል፤ ደረቱ በአሮጌ አየር ተሞልቶ ይጨነቃል። ጭንቀቱን በመፍራት መራመድ ይተዋል። መራመድ በተወ ቁጥር የእግሩ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ የሟሸሸ ጡንቻም ለትንሽ ሥራ ብዙ አየር ይጠይቃል፤ ስለዚህ ትናንት አሥር እርምጃ የሄደው ዛሬ በአምስቱ ያለከልካል፣ ነገም ጨርሶ ከመነሣት ይታቀባል። ተሃድሶ ይህን ክፉ አዙሪት የሚሰብረው ከእግር በኩል ገብቶ ነው፤ እግሩ ሲበረታ በዚያው በተጎዳው ሳንባ ከፊት ይልቅ ርቆ ይሄዳል። አልቫን ባራክ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዕረፍትን ተቃውሞ ሕሙማንን ማራመድ እንደሚገባ አመለከተ፤ ቶማስ ፔቲም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በዴንቨር ከተማ ሥራውን በሥርዓት አደራጀው። ኮክሬን የተባለው የምርምር መርማሪ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 65 ጥናቶችንና 3,822 ሕሙማንን አሰባስቦ ከመዘነ በኋላ፣ የተሃድሶ ጥቅም ከእንግዲህ በጥርጣሬ የሚመረመር ነገር እንዳልሆነ ተነገረ፤ ጥያቄው ሕክምናው እንዴት ለብዙ ሰው ይድረስ የሚለው ብቻ ሆነ።

ይህ ጥያቄ በበለጸጉት አገሮች ከባድ ከሆነ በመርካቶ ምንኛ ይከብድ! ተሃድሶ በተለመደው ሥርዓት ቢያንስ ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት የሚዘልቅ፣ በየሳምንቱም ሁለት ጊዜ ወደ ሆስፒታል መመላለስን የሚጠይቅ ነው። ከአዲስ ከተማ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ወደ እንጦጦ ግርጌ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስም ለጤነኛ ሰው የሚያስፈራ አይደለም። ነገር ግን በሁለት እርምጃ መካከል ግድግዳ ተደግፎ የሚያርፍ ሰው በታክሲ ወረፋ ለመጋፋት አቅም የለውም፤ ለብቻው መሄድ ስለማይችል አንድ የቤተ ሰብ ሰው ሥራ ፈቶ ይከተለዋል፤ የሁለት ሰው ትራንስፖርት፣ የሁለት ሰው የቀን ገቢ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለሁለት ወር። ከመርካቶ ተነሥቶ ወደ ጋራ መኖሪያ ቤት የገባው ሕዝብ ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት፤ አብዛኛው የኮንዶሚኒየም ሕንፃ አሳንሰር ስለሌለው፣ ዕጣው አራተኛ ፎቅ የደረሳቸው አባት ወርደው ለመውጣት የሚያስፈልጋቸውን ትንፋሽ አስበው፣ ከልቅሶና ከሰርግ ሳይቀር ይቀራሉ።

ስለዚህ ሕሙሙ ወደ ሕክምናው መሄድ ካልቻለ ሕክምናው ወደ ሕሙሙ ይሂድ የሚል ሐሳብ በልዩ ልዩ አገር ተነሣ። በአውስትራሊያ አን ሆላንድ የተባለችው ተመራማሪና ባልንጀሮቿ እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት ጥናት ለእኛ አገር ከሁሉ የሚጠቅም ይመስለኛል። 166 ሕሙማን በሁለት ተከፍለው ገሚሶቹ ወደ ሆስፒታል እየተመላለሱ ተሃድሶውን ወሰዱ፤ የቀሩት ግን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አንድ ጊዜ ብቻ ከቤታቸው ድረስ መጥቶ ካያቸውና ካስተማራቸው በኋላ፣ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ለሰባት ሳምንት በስልክ ተነጋገራቸው። መሣሪያቸው በቤታቸው የነበረው ወንበርና ውኃ የተሞላ ጠርሙስ ነበር። ተሃድሶው ሲያበቃ በመራመድ ችሎታ ረገድ የቤቱ ሕሙማን ከሆስፒታሉ አላነሱም። ኮክሬንም እ.ኤ.አ. በ2021 ናሬል ኮክስ በመራችው ጥናት፣ 15 ሥራዎችንና 1,904 ሰዎችን መርምሮ፣ በስልክ፣ በቪዲዮና በኢንተርኔት የሚሰጠው ተሃድሶ ከፊት ለፊቱ ጋር ተመጣጣኝ ውጤት እንዳለው ገለጠ፤ ከዚህም ጋር በርቀት የተከታተሉት ከመቶ 93ቱ ትምህርቱን ሲፈጽሙ ወደ ተቋም ከሚመላለሱት የፈጸሙት ከመቶ 70 እንደ ነበሩ አመለከተ። እኔ በዚህ ሁሉ ውስጥ ከምንም በላይ የምመለከተው ይህን የመጨረሻውን ቁጥር ነው፤ የተጀመረ ሕክምና ካልተፈጸመ ምን ይረባል?

ከኡጋንዳም የሚቀሰም ትምህርት አለ። በካምፓላ በሙላጎ ሆስፒታል፣ ብሩስ ኪሬንጋና ሩፐርት ጆንስ ከነባልደረቦቻቸው፣ ከነቀርሳ ድነው በጠባሳ ለሚሠቃዩ ሰዎች የስድስት ሳምንት ተሃድሶ አዘጋጅተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2017 አሳተሙ፤ ሕሙማኑ ከበፊቱ ይልቅ ራቅ አድርገው ለመሄድ ቻሉ። ይህ ሥራ በተቋም ውስጥ የተደረገ ቢሆንም፣ ከእኛ ጋር በሚመሳሰል ኑሮ፣ ከእኛ ጋር በሚመሳሰል በሽታ ላይ መሠራቱ «ይህ የሀብታም አገር ሕክምና ነው» የሚለውን ክርክር ያፈርሳል።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ሥራ በአንዲት የመርካቶ ቤት ሲደረግ ምን እንደሚመስል በዓይነ ልቡና እንመልከት። በሰባተኛ አካባቢ፣ በአንዲት የቀበሌ ቤት፣ ዘመናቸውን ሁሉ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ልጅ ያሳደጉ እናት አሉ እንበል። ስልኩ የልጅ ልጃቸው ነው፤ ጩኸቱን ከፍ አድርጎ ከመደቡ ላይ ያስቀምጠዋል። የምትደውለው ባለሙያ አስቀድማ አንድ ቀን ከቤታቸው መጥታ አይታቸዋለችና እንግዳ አይደለችም።

«እማማ፣ እንደምን አደሩ? ደረትዎ እንዴት ነው?»

«ተመስገን ልጄ፣ ሌሊት ትንሽ አፈነኝ እንጂ ደኅና ነኝ።»

«አክታው ቀለሙን ለውጧል? ደም አለው?»

«ኧረ የለውም።»

«ትኩሳትስ? እግርዎ አብጧል?»

እነዚህ ጥያቄዎች ለወግ የሚጠየቁ አይደሉም፤ አንዱ «አዎን» የተባለ እንደ ሆነ የዚያ ቀን ልምምድ ቀርቶ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይታዘዛል። ሁሉ ደኅና ከሆነ ግን እማማ ከወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ በርጩማው ዝቅ ስለሚልና ጉልበት ስለሚያስጨንቅ ለጊዜው ወደ ጥግ ይገፋል። እጃቸውን ሳይደገፉ ይነሣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ እንደገና ይነሣሉ። ሲነሡ ከንፈራቸውን አጥብበው፣ ሻማ የሚያጠፉ ያህል በዝግታ አየር ያወጣሉ፤ ይህ ጥበብ ቧንቧው ቶሎ እንዳይዘጋና አሮጌው አየር እንዲወጣ ይረዳል። ቀጥሎ ውኃ በተሞሉ ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙሶች ክንዳቸውን ያነሣሉ። ከዚያ በኋላ ከደጃፋቸው እስከ ቦኖው ድረስ ይሄዳሉ፤ በመጀመሪያው ሳምንት መሐል ላይ ቆመው ነበር። ባለሙያዋ «ትንፋሽዎ ከአሥር ስንት ሆነ?» ትላቸዋለች። ዜሮ ምንም ድካም ያለመሰማት፣ አሥር ከቶ የማይቻል ጭንቀት ነው፤ የሚፈለገው ከ4 እስከ 6 ያለው ነው፤ ከዚያ በታች ከሆነ ልምምዱ አልበረታም፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ማረፍ ይገባል። የልጅ ልጁ ቁጥሩን በደብተር ይጽፋል። ሥራው በጠቅላላው ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል።

በዚህ ስፍራ አገራችን ለራሷ መወሰን ያለባት አንድ ነገር አለ። በጣት ላይ የሚደረገው ኦክሲሜትር በደም ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይለካል፤ በሌላ አገር የተጻፉት ብዙዎቹ መመሪያዎችም መጠኑ ከ88 ከመቶ በታች ሲወርድ ልምምዱ እንዲቆም ያዝዛሉ። ነገር ግን አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ በአየሯ ውስጥ ያለው የኦክሲጅን ግፊት በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ፍጹም ጤነኛ የሆነ ሰው ቁጥሩ በወደብ ከተማ ከሚኖረው ዝቅ ሊል ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩት ወገኖቻችን በአማካይ 95.3 ከመቶ ኦክሲጅን በደማቸው ተሸክመው መገኘታቸው ዓለምን አስደንቋል። እንግዲህ ለአንዲሱ ተራራም ለሮኪ ተራራም የተጻፈ መመሪያ እንዳለ አምጥቶ ለእኛ መተርጐም አይበቃም፤ የጥቁር አንበሳና የቅዱስ ጴጥሮስ ሐኪሞች በገዛ ሕሙማናቸው ላይ ለክተው፣ መቼ ማረፍ እንደሚገባ በገዛ ሥልጣናቸው ቢጽፉት የተሻለ ነው።

ሕዝባችን ይህን ሕክምና እንግዳ ነገር አድርጎ ይቈጥረዋል ብዬ አልሠጋም። በራጉኤል ደጀ ሰላም የሚቆሙት አረጋውያን በማኅሌቱ ሌሊት መቋሚያቸው ላይ ደረታቸውን ዘንበል አድርገው ሲያርፉ፣ የፊዚዮቴራፒ መምህራን ለትንፋሽ አጠር ሰው የሚያስተምሩትን አቋቋም ሳያውቁት ይፈጽማሉ፤ ክንድ በተደገፈና ወገብ ወደ ፊት ባዘነበለ ጊዜ ድያፍራም የተባለው የትንፋሽ ጡንቻ ሥራው ይቀልለታልና። በሕማማት ሰሙን ስግደት ያቃተው ምእመን፣ በአንዋር መስጊድ ከሱጁድ ለመነሣት የተቸገረው ሰው፣ ሁለቱም ኀፍረት ይሰማቸዋል። «ይህን ልምምድ ብትፈጽም እስከ ፋሲካ ስግደቱን ትሰግዳለህ» ወይም «በረመዳን ቆመህ ትሰግዳለህ» ቢባሉ፣ ስለ ጡንቻና ስለ ኦክሲጅን ከሚነገራቸው ይልቅ ልባቸው ወደዚያ ይነሣል። የንስሐ አባቱና የመስጊዱ ኢማም «አትድከም» የሚለውን የፍቅር ምክር በሌላ የፍቅር ምክር ቢለውጡለት ደግሞ ቤተ ሰቡም ይታዘዛል።

የምሠጋው በሌላ ነው። አንደኛው፣ ጢሱ ሳይወገድ ልምምድ መስጠት በአንድ እጅ እየሰጡ በሌላው መንጠቅ ነው፤ ልምምዱ ምድጃው በጠፋበት፣ እጣን ባልጨሰበት፣ በሩ በተከፈተበት ሰዓት መሆን አለበት፤ ኤሌክትሪክ ምጣድ መግዣና የመብራት ክፍያ ያነሰው ቤት እንዲረዳ ማድረግም የተሃድሶው አንዱ ክፍል ነው እንጂ የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ አይደለም። ሁለተኛው፣ ያልተመረመረ ሰው ወደዚህ እንዳይገባ ነው፤ የነቀርሳ ተሐዋሲ በአክታው ያለበት ሰው አስቀድሞ መድኃኒቱን መጀመር፣ የልብ በሽታ ያለበትም መለየት አለበት። ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል፤ ይኸውም በስልክ የሚሰጥ ሕክምና ርካሽ በመሆኑ ባለ ሥልጣናት ባለሙያ ላለመቅጠር ምክንያት እንዳያደርጉት ነው። በአውስትራሊያው ጥናት ስልኩን የደወለው የሠለጠነ ባለሙያ ነበር፤ አስቀድሞም ከቤቱ ሄዶ ሕሙሙን በዓይኑ አይቶታል። በቪዲዮ የተቀዳ እንቅስቃሴ በቴሌግራም መላክ መልካም ረዳት ነው፤ ነገር ግን «እማማ፣ ትናንት ለምን አልሠሩም?» ብሎ የሚጠይቅ ድምፅ ከሌለ እርሱ ሕክምና ሊባል አይችልም።

ስለ ኢንተርኔቱ ብዙ ሰው ይጨነቃል፤ እኔ ግን መሠረቱን በተራ የድምፅ ጥሪ ላይ ማቆም ይገባል ባይ ነኝ። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ የዋለበትን ጊዜ ያየ ሰው፣ የስምንት ሳምንት ሕክምናን በኢንተርኔት ብቻ ማንጠልጠል እንዴት ያለ አደጋ እንደ ሆነ ይረዳዋል። የመርካቶ ሰው ለስልክ እንግዳ አይደለም፤ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ጉልት ቸርቻሪዋ ሳትቀር በስልኳ ሒሳብ ትቀበላለች። የሚቀረው ስልኩ የሚደርስበትን ሰው መለየት ነው፤ በብዙ ቤት ስማርት ስልኩ የወጣቱ ነው፣ ሕመምተኛዋ ደግሞ አያቲቱ ናት፤ ስለዚህ የቀጠሮው ሰዓት ልጁ ከትምህርት ቤት ከተመለሰ በኋላ ይሁን ማለት ከማናቸውም የቴክኒክ ብልኃት ይበልጣል።

ሥራውን የሚሠሩትም ሰዎች ከሰማይ እስኪወርዱ መጠበቅ አያስፈልግም። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲና ከሌሎችም የተመረቁ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች አሉ፤ ብዙዎቹ ግን የተሰበረ አጥንትና የደነዘዘ እግር በሚያዩበት ክፍል ተወስነዋል። በ2002 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን አገልግሎት ደግሞ በየመንደሩ ቤት ለቤት የሚዞሩ ነርሶች አሉት፤ የማን ቤት የት እንደ ሆነ፣ ማን ነቀርሳ ታሞ እንደ ዳነ፣ የትኛዋ እናት በጢስ ውስጥ እንደምትውል ከማንም ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። የሳንባ ስፔሻሊስቱ በሽታውን ይለይ፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ልምምዱን ትለካ፤ የኤክስቴንሽኗ ነርስ ከቤት ገብታ ወንበሩን ታስተካክል፣ ኦክሲሜትሩን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ታዘዋውር። በአዲስ ከተማ በአንድ ጤና ጣቢያ፣ በሃያ ወይም በሠላሳ ሕሙማን ተጀምሮ በስምንተኛው ሳምንት ስንት ሜትር እንደሚሄዱ ቢለካ፣ ውጤቱ ለጤና ሚኒስቴርም ለጤና መድን አገልግሎትም የሚቀርብ ማስረጃ ይሆናል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ግን አንድ ነገር በጽሑፍ መወሰን አለበት፤ እርሱም የስልኩን ሒሳብ የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ነው። ደዋዩ ጤና ጣቢያው ይሁን፤ በቀጠሮዎች መካከልም ትንፋሽ ያጠራቸው እናት ሚስኮል ሲያደርጉ በዚያው ሰዓት መልሶ የሚደውልላቸው ሰው በስሙ ይመደብ፤ ለእርሱም የአየር ሰዓቱ በየወሩ ከጤና ጣቢያው በጀት ይሞላለት። ይህ ሳይሆን ቀርቶ ካርዱን ሕሙሙ እንዲገዛ ከተተወለት፣ በሁለተኛው ሳምንት ጥሪው ይቀራል፣ በሦስተኛው ደብተሩ ይዘጋል።